ዳኛው ያሳለፈው ጎል

«ጥጥ! ጥጥ አምጪ እንጂ ልጄ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ!»

ልጅቷ ጥጡ ያለበት ጠፋባት። በየቀኑ በገዛ እጇ የምታስቀምጠው ጥጥ። አንዱን መሳቢያ ሳበች፣ ማበጠሪያ። ሌላውን ሳበች፣ የቶንዶስ ዘይት፣ ጫፉ የተሰበረ መቀስ፣ ያለቀ ባትሪ። ከኋላዋ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን በሁለት እጁ ይዟል፣ በጣቶቹ መሃል ደም እየወረደ ነጩን ጨርቅ ያቀላዋል፣ ግማሽ ፊቱ ላይ ደግሞ የሳሙናው አረፋ እንዳለ ነው። ልብስ ሰፊው «ጥጥ! ጥጥ!» እያለ ቤቱን ይዞረዋል። አባቷ ግን ምላጩን እንደያዘ፣ እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ፣ አንድ ሰው አትንቀሳቀስ ያለው ይመስል ቆሟል።

መሳቢያውን ትታ ሮጠች። መንገዱን ስትሻገር አንድ መኪና ጡሩምባውን ለቀቀባት፣ ምን ተብላ እንደተሰደበች አልሰማችም። መድኃኒት ቤት ያለችው ሴትዮ «ምን ያህል ነው የተቆረጠው?» ብትላት በጣቶቿ ልታሳያት ሞከረች፣ ጣቶቿ ስለሚንቀጠቀጡ ቁስሉ አንዴ ትንሽ አንዴ ትልቅ ሆነ። ጥጥና አልኮል፣ ፕላስተርም ይዛ ስትመለስ ደሙ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ከጆሮው ዝቅ ብሎ ነው፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነገር። ለዚች ነው እንዴ ያ ሁሉ ደም?

«አልሞትኩም፣ አልሞትኩም» አለ ሹፌሩ፣ አልኮሉ ሲነካው ጥርሱን እየነከሰ። «እኔን ተዉኝ። ይልቅ ይሄን ሰውዬ አስቀምጡት።»

ይሄ ሰውዬ ያለው አባቷን ነው። አባቷ አሁንም ምላጩን እንዳነሳ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲገባ ከአባቷ መጀመር ይሻላል። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ሰፈሩ ግን በሥራው አይጠራውም፣ ዳኛው ነው የሚለው። ፊሽካ አፉ ገብቶ አያውቅም። ኳስም ቢሆን አልተጫወተም፣ ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ሰው ጎድሎ በረኛ አቁመውኝ የገባብኝ ጎል ተቆጥሮ አያልቅም ይላል ራሱ፣ እየሳቀ። ዳኛው ያሉት ክርክር ስለሚጨርስ ነው። ማን አገባ፣ በየትኛው እግሩ፣ ኳሱን ማን አቀበለው፣ የዛን ቀን በረኛው ለምን ኮፍያ አድርጎ ነበር፣ እሱ ከተናገረ አለቀ። ይግባኝ የለውም።

ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ወንበር አለ፣ አንዱ ይሽከረከራል፣ አንዱ መሽከርከር ካቆመ ቆየ። ከመስታወቱ በላይ የድሮው ቡድን ፎቶ ተሰቅሏል፣ ፀሐይ ስለመታው ፊታቸው ጠፍቶ ማልያቸው ብቻ ነው የቀረው፣ አባቷ ግን እያንዳንዱን በአቋቋሙ ይለየዋል። በሩ ጥግ አግዳሚ ወንበር አለ። እዛ ላይ የሚቀመጡት ለመላጨት የመጡ አይደሉም፣ ለመከራከር ነው የመጡት። ከሁሉም የማይጠፉት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ሹፌሩ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ሆዱ ከመሪ ጋር መኖር የለመደ። ሁለተኛው ጎናቸው ያለው ሱቅ ልብስ ሰፊ ነው፣ ኮሌታው ላይ ሁልጊዜ መርፌ የማይጠፋው፣ ክር የመሰለ ሰውዬ። ሁለቱ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። ሹፌሩ የዛሬ ተጫዋቾች ጠበቃ ነው። ልብስ ሰፊው ግራኙ ከሚሉት የድሮ ተጫዋች በኋላ ኳስ ሞታለች ባይ ነው።

«የዛሬዎቹ ይሮጣሉ ጌታዬ!» ይላል ሹፌሩ። «የድሮዎቹማ ሽርሽር ነበር የሚሄዱት። ያንተ ግራኝ ዛሬ ቢጫወት ኖሮ እኮ ተከላካዩ ኳሱን ነጥቆት፣ ቤቱ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ ይተኛ ነበር።»

«አፍህን ታጠብ! ግራኙ ኳስ ሲይዝ ዝናቡ ራሱ ቆሞ ያይ ነበር። የዛሬው ያንተ ልጅ ምንድነው? ሲነኩት ይወድቃል፣ ሲወድቅ ያለቅሳል፣ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነካው ፀጉሩን ነው።»

«ፀጉሩ ደግሞ ምን አደረገህ?»

«ቢጫ ቀብቶታል እኮ! ጫጩት ነው የሚመስለው!»

«ዳኛው፣ እስቲ ፍረድ።»

አባቷ የሚላጨውን ሰው ትቶ ትንሽ ያስባል። ከዚያ «ያን ፀጉር የሠራው ሰው መታሰር አለበት» ይላል። «እግሩ ግን እግር ነው።» ሁለቱም አሸነፍን ብለው ይጨባበጣሉ፣ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ እንደገና ይጀምራሉ።

ከዚህ ሌላ አንድ ጨዋታ ነበራቸው። ማጥመድ ይሉታል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው፣ ፊቱ አረፋ ለብሶ፣ እንደ ዋዛ አንድ ውሸት ጣል ያደርጋል። ቀጭኔው እንኳ ያን ሪጎሬ ያዳነው በግራ በኩል ተወርውሮ ነው፣ ምናምን። ቀጭኔው የሚሉት የድሮውን በረኛ ነው። አባቷ ውሸቱን ሳያርመው ካሳለፈው ሰውዬው በነጻ ተላጨ ማለት ነው። ታዲያ በነጻ ተላጭቶ የወጣ ሰው የለም። አባቷ መጀመሪያ ምላጩን ከሰውዬው ቆዳ ላይ ያነሳል፣ ምላጭ ሰው ፊት ላይ እያለ ክርክር አይገባም፣ ይሄ ሕጉ ነው። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አይን አይኑን እያየ «በቀኝ» ይለዋል። «ደግሞ አልተወረወረም፣ እግሩን ነው የዘረጋው። አገጭህን ቀና አድርግ።» ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ምላጩ እንዲህ ከፍ ሲል ሁሉም ያውቃል፣ ውሸቱ ተይዟል። ሰውም ያኔ እንደፈለገ ዞሮ ይጮሃል፣ ይስቃል፣ ይምላል።

ልጅቷ እዚህ ሳቅ ውስጥ ነው ያደገችው። እናቷ ስትታመም ከትምህርት ቤት ቀረች፣ እናቷ ስትሞትም ሳትመለስ ቀረች፣ ፎጣ ማጠብና የልጆች ፀጉር በቶንዶስ ማንሳት ሥራዋ ሆነ። ኳስ አትወድም እንኳን። ግን የማታውቀው ጎል የለም።

የአባቷ መርሳት የጀመረው ከእናቷ ሞት በኋላ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰውዬን አንዱን ጉንጩን ሁለቴ ላጨው፣ ሌላውን ረስቶ ጨርቁን አራገፈ። ሰውዬው እየሳቀ ወጣ። ቀጥሎ አንድ ደንበኛ «አጭር ነው የፈለግኩት አልኩህ፣ አሁንም አልኩህ፣ ስንቴ ልበል?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ፀጉራቸውን ሊታጠቡ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ እንዳሉ ቤቱን ቆልፎባቸው ለምሳ ሄደ። ልጅቷ ስትመለስ ሽማግሌው ከውስጥ «የሰው ያለህ!» ይላሉ፣ ሳሙናው አይናቸው ገብቶ። ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ማታ ግን ብቻዋን ስታስበው አላሳቃትም። ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት ትፈልግለታለች። ደክሞት ነው። ሐዘን ነው። አዳሩ ጥሩ አልነበረም።

ልብስ ሰፊው ነው አንድ ቀን ውጭ ጠርቶ የነገራት። «ልጄ» አላት፣ ኮሌታው ላይ ያለችውን መርፌ እየነካካ፣ «የሱ ሥራ እንደኔ መርፌ ቢሆን ዝም እል ነበር። ምላጭ ነው።»

«እጁ አይንቀጠቀጥም እኮ ጋሼ» አለችው።

«እጁማ አይንቀጠቀጥም።»

ምላጩን ከሱ መውሰድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ያ ሰውዬ ያለዚያ ወንበር ምንድነው? ቤት ተቀምጦ መስኮት ሊያይ ነው? ግን ደግሞ የሰው አንገት ነው። እሷ ናት አጠገቡ ያለችው፣ አንድ ነገር ቢሆን አላየሁም ልትል አትችልም።

ሹፌሩ ነው መላ ያመጣው። «እናጥምደው» አለ። «እንደ ድሮው። እኔ እቀመጣለሁ። ከያዘኝ፣ በቃ፣ ጭንቅላቱ አለ ማለት ነው፣ ከዚህ በኋላ ማንም ትንፍሽ አይልም።»

«ካልያዘህስ?» አለ ልብስ ሰፊው።

ልጅቷ ግን እምነት ነበራት። ምሳ መብላቱን ይረሳል፣ ቁልፍ ይረሳል፣ ኳስ አይረሳም። ቢሆንም ፈርታ «ቀላል አድርጉለት» ብላ ለመነቻቸው። «ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን።»

ሕፃን የሚያውቀው የግራኙን ጎል ነው። የዋንጫው ቀን፣ በዝናብ፣ ሜዳው ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ባዶ ለባዶ ሊወጡ ነው ሲል ግራኙ ከመስመር ላይ ኳሷን በግራ እግሩ ወዲያ አጠማዘዛት፣ ቋሚውን ስማ ገባች። ስሙ ራሱ ከዚያ እግር ነው የመጣው። አባቷ ይሄን ጎል ሲያወራ ማበጠሪያውን ኳስ፣ መቀሱን ቋሚ አድርጎ ነው። ስንት ሰው ለዚህ ብቻ ነበር የሚመጣው።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሹፌሩ መጥቶ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው አግዳሚው ላይ፣ ዝም ሊል ቃል ገብቶ። ልጅቷ ሬዲዮኑን አጠፋች፣ ፎጣ ማጠፍ ጀመረች፣ ያጠፈችውን ትፈታዋለች መልሳ ታጥፈዋለች። አባቷ ምላጩን መሳያው ቆዳ ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጎ ሳለ። አረፋውን በብሩሽ አዞረ። አንደኛውን ጉንጭ ሲጨርስ አንዲት ፀጉር አልቀረችም። እንዴት ያምር ነበር እጁ! ልጅቷ ልቧ ትንሽ ተመለሰ።

ምላጩ ወደ ሁለተኛው ጉንጭ፣ ወደ ጆሮው ሥር ሲመጣ ሹፌሩ አይኑን ጨፍኖ ወረወራት።

«ይገርማል እኮ» አለ። «ግራኙ ያችን የዋንጫዋን ጎል በጭንቅላቱ ማግባቱ።»

ልጅቷ ፎጣውን ይዛ ቀረች። አይኗን ምላጩ ላይ ተከለች። ተነሳ፣ አለች በሆዷ። ተነሳ፣ ተነሳ።

ምላጩ አልተነሳም። አረፋውን እየጠረገ ቀስ ብሎ ወረደ።

«አዎ» አለ አባቷ። «ጥሩ አድርጎ ነው የገጫት።»

በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊው ማልቀስ ይችል ነበር። ተነስቶ መውጣትም ይችል ነበር። እሱ ግን ቲፎዞ ነው። ያ ጎል ፊቱ እንዲህ ሲበላሽ ቃሉን ረሳ፣ በሽታውን ረሳ፣ ሁሉንም ረሳና ከአግዳሚው ተፈናጥሮ «የምን ጭንቅላት ነው!» ብሎ ጮኸ። «በግራ እግሩ ነው! በግራ! እናንተ ሰዎች እግዜርን አትፈሩም እንዴ?»

ሹፌሩም፣ ውሸቱን ራሱ የጣለው ሰውዬ፣ ለዘመናት የለመደው ልማድ ነው፣ ልብስ ሰፊው ሲጮህ ዞሮ መልስ መስጠት። «አንተ ደግሞ ዝም በል አልተባልክም!» ብሎ ዞረ። ሁልጊዜ ሲዞር ምላጩ አየር ላይ ነበር። ዛሬ አንገቱ ላይ ነው።

እንግዲህ ያ ደም የዚህ ነው።

ፕላስተሩ ከተለጠፈ በኋላ ሹፌሩ የቀረውን አረፋ በራሱ እጅ ጠረገና «ጥፋቱ የኔ ነው ዳኛው» አለ። «እኔ ነኝ የዞርኩት። እጅህ ንቅንቅ አላለም።»

«እውነቱን ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔ ነኝ የጮህኩት፣ እሱ ነው የዞረው። አንተ ምንም አላደረግክም።»

አባቷ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። «ስትዋሹኝ ነው የኖራችሁት» አለ። በቁጣ አይደለም። «እዚህ ወንበር ላይ እየተቀመጣችሁ ስትዋሹኝ ነው የኖራችሁት። ድሮ ውሸታችሁን አውቀው ነበር። ፊታችሁን አይቼ አውቀው ነበር። አሁን…» አለና መጨረስ አቃተው። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ልጁን ፈለጋት።

«አንቺ ንገሪኝ። አንቺ አጥምደሽኝ አታውቂም። እጄ ነው ወይስ አንገቱ?»

ልጅቷ አይታለች። ሁሉንም አይታለች። የዞረው አንገቱ ነው፣ እጁ አልሳተም። ግን ምላጩ መነሳት ነበረበት፣ አልተነሳም፣ ያልተነሳው ደግሞ ጎሉ ስለጠፋበት ነው። እና የቱ ነው እውነቱ? አንገቱ ነው ካለችው ነገም ይላጫል፣ የሚቀጥለው ሰው ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ሊቆረጥ ይችላል። እጅህ ነው ካለችው በገዛ አፏ ገደለችው።

«አላየሁም አባዬ» አለችው። «ዞሬ ነበር። ፎጣ እያጠፍኩ ነበር።»

አባቷ ምላጩን አጠበ፣ አደረቀ፣ አጠፈው፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ እጇ ላይ አስቀመጠላት። «ደብቂው» አለ። «የት እንደደበቅሽው እንዳትነግሪኝ። ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

ሹፌሩ ኮቱን ለበሰ። ጨዋታውን አሸንፏል፣ በሕጉ በነጻ የተላጨ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከማበጠሪያው ሥር ሒሳቡን ሸጉጦ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። ልብስ ሰፊውም ተከተለው።

አባትና ልጅ ቤታቸው የገቡት ገና ፀሐይ ሳለ ነው። እሷ ውሃ ጣደች፣ እሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ውጭ ልጆች ግድግዳ ላይ በኖራ ጎል ሥለው በላስቲክ ኳስ ይጫወታሉ፣ አንደኛው ገባ ይላል፣ ሌላው ቋሚ ነው ይላል። አባቷ ሲያያቸው ቆየና ድንገት «በግራ እግሩ ነው» አለ።

«ምኑ አባዬ?»

«የግራኙ ጎል ነዋ። ከመስመር ላይ። አጠማዝዞ።» በእጁ ሠራው፣ ጣቱ በአየር ላይ ተጠማዘዘች፣ ቋሚውን ሳመች። አንድ ነገር አልጎደለም። «እኔ ግን አላየሁትም። እናትሽ ከላይ ተቀምጣ ነበር፣ ገና አላውቃትም፣ ዣንጥላዋ ተገልብጦባት ትስቃለች። ዞሬ እሷን ሳይ ሰው ሁሉ ጮኸ። ስመለስ ኳሷ መረቡ ውስጥ ናት።»

ይሄን ታውቀዋለች። እናቷ በሕይወት እያለች ማዕድ ላይ ሁልጊዜ የምታበሽቀው በዚህ ነበር። «ዳኛው! የት አይቶት! እኔን እያየ ነበር እኮ» ትለዋለች፣ እሱም «ለሹፌሩ እንዳትነግሪው ብቻ» ይላል። ልጅቷ ግን ዛሬ እንደ አዲስ ሰማችው። ኩባያውን ይዛ አጠገቡ ቁጭ አለች። እንዲህ አድርጎ ካወራ የት ሄደ ይባላል? አለ እኮ። ይሄው አለ። ከሰዓታት በፊት ፈልጎ ያጣው ነገር በእግሩ ተመልሶ መጣ። አሁኑኑ ሮጣ ሹፌሩን ልትጠራው ፈለገች። ናና ስማው፣ አልጠፋም፣ እጁም አልሳተም፣ ልትለው ፈለገች። እውነቱንም ለአባቷ ልትነግረው አፏን ከፈተች። «አባዬ፣ ቅድም እኮ…»

«ቅድም ምን?» አላት። ፊቱ ደስ ብሎታል፣ ጎሉ ገና ከፊቱ ላይ አልወረደም። «በይ ይልቅ ምላጬን አምጪልኝ፣ ልሳለው። ሹፌሩ ሰሞኑን አልመጣም፣ ጺሙ አድጎ ይሆናል። ነገ ይመጣል።»

ኩባያውን አስቀመጠች። ምላጩ በፎጣ እንደተጠቀለለ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ነው፣ ቀዝቃዛነቱ በጨርቁ አልፎ ይሰማታል። ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ ያለው እሱ ነው፣ አምጪልኝ ያለውም እሱ ነው።

«ሱቅ ረስተነዋል አባዬ» አለችው።

«እሺ» አለ። አመናት። «ነገ።»

ነገ ቁልፉን ይዞ ይነሳል፣ ይሄን ታውቃለች፣ ጠዋት መነሳት ረስቶ አያውቅም። በሩን ይከፍታል፣ ጨርቁን ያራግፋል፣ ወንበሩን ወደ ብርሃኑ ያዞራል፣ ከዚያ እጁን ይዘረጋላታል። ምላጩን ትስጠው፣ አትስጠው፣ እውነቱን ትንገረው፣ ቢነግሩትስ ያስታውሰው እንደሆነ፣ ልጅቷ አታውቅም። አንዱንም አታውቅም።